ከመሳቢያ የወጣ መድኃኒት

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ አባቶቻችን ተናግረዋል። ቃሉ እውነት ነው። እኔ ግን በራሴ ቤተ ሰብ ላይ ከደረሰው ነገር የተነሣ አንድ ሌላ ቃል ልጨምርበት እወዳለሁ፤ ይኸውም የወሰደውን መድኃኒት የደበቀ ሰውም ለሐኪሙ መንገድ ይዘጋበታል የሚለው ነው። ይህን የምጽፈው ሌላውን ልገሥጽ ብዬ አይደለም። ጥፋቱ የራሴ ስለ ነበረ፣ የእኔ ስሕተት ለሌላው ቤት ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ብዬ ነው።

እኅቴ ከእኔ በሦስት ዓመት ትበልጣለች። ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ እያልሁ ነው ያደግሁት፤ ዛሬም የሁለታችንም ጠጕር ከሸበተ በኋላ የምጠራት በዚሁ ስም ነው። በ2013 ዓ.ም. ባለቤቷ በሞት ከተለያት ወዲህ ዓመቱ ሞልቶ ጥቁር ልብሷን ብታወልቅም፣ ሐዘኑ ግን ከልቧ አልወለቀም ነበር። እንቅልፍ አጣች፤ እህል አስጠላት፤ ለምትወዳቸው የልጅ ልጆቿ እንኳ ፊቷ አልፈታ አለ። በመጨረሻ ልጇ ለምና ወደ አእምሮ ሐኪም ወሰደቻት፤ ሐኪሙም በየጠዋቱ አንድ ፍሬ የምትውጠው ፍሉኦክሰቲን የሚባል መድኃኒት አዘዘላት። መድኃኒቱ በአንድ ቀን አልሠራም። ነገር ግን ከአምስትና ከስድስት ሳምንት በኋላ እኅቴ ሌሊቱን ተኝታ ማደር ጀመረች፤ አንድ ቀንም ቡና አፍልታ ጎረቤቶቿን ጠራች። ያን ቀን ሁላችንም እግዚአብሔርን አመሰገንን።

በ2014 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ፣ ለዐቢይ ጾም የሚሆነውን በርበሬ ልታዘጋጅ ዛላውን አስጥታ ከቀነጠሰች በኋላ፣ ከረጢቱን ልታነሣ ጎንበስ ስትል ወገቧን ያዛት። ልጠይቃት ስሄድ ቀና ማለት አቅቷት አገኘኋት። ባለፈው ዓመት እጄ ተሰብሮ ሳለ ሐኪም ያዘዘልኝ ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ በመሳቢያዬ ውስጥ ተርፎ ነበር። ወደ ቤቴ ተመልሼ ስምንት ፍሬ በወረቀት ጠቅልዬ አመጣሁላት። «ለእኔ ፈውስ የሆነኝ ነው፤ አንድ ዋጪና ዕረፊ» አልኋት። እርሷም የወንድም እጅ የሰጣትን ሳትጠራጠር ተቀበለች። የሐዘኑን መድኃኒት እንደምትወስድ አውቅ ነበር። ነገር ግን የሐዘን መድኃኒትና የወገብ መድኃኒት በአንድ ሰውነት ውስጥ ሊገናኙ እንደሚችሉ ከቶ አላሰብሁም።

ከቀትር በኋላ አንድ ዋጠች፤ ሕመሙ አልለቀቃትም። ወደ ማታ ሁለት ደገመች፤ አሁንም አልለቀቃትም። የበርበሬው ብናኝ ጉሮሮዋን ቈጥቍጦ ያስላት ስለ ነበረ፣ በቤት የተገኘውን የሳል ሽሮፕ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጠጣች። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ልጇ ስልክ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ እናቴ እንደ ወትሮዋ አይደለችም፤ እባክዎ ቶሎ ይምጡ» አለችኝ።

ስደርስ እኅቴ በአልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። መተኛትም መቆምም አልሆነላትም፤ ትነሣለች፣ ትቀመጣለች፣ መልሳ ትነሣለች። ላቧ ነጠላዋን አርሶታል። እጆቿ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ እግሮቿ ግን ከእጆቿም ይብስ ነበር። ሆዷ ተፈትቶ ሦስት ጊዜ ወጥታለች። ዓይኗን በመብራት ባየሁት ጊዜ የብሌኗ ጥቁር እጅግ ሰፍቶ ነበር። እኔን አውቃኛለች፤ ነገር ግን ከዓመት በፊት የቀበርነው ባለቤቷ እራቱን በልቶ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ።

ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። አንዲቱ «ምች ነው የመታት» ብላ ከጓሮዋ ዳማከሴ ቀጥፋ ጨመቀችላት። ሌላይቱ «ታይፎይድ ነው» አለች። ሦስተኛይቱ ደግሞ «እኔ ቀድሞም ተናግሬአለሁ፤ ያ የአእምሮ መድኃኒት ነው ጭንቅላቷን የነካት» አለች። ይህች ሦስተኛይቱ ለእውነቱ ቀርባ ነበር፤ ነገር ግን የተናገረችው ግማሹን ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ የማውቀው እኔ ነበርሁ። እኔም ዝም አልሁ።

የእኅቴ ልጅ አስተዋይ ናትና፣ በቤት የተገኘውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ሰብስባ ወደ ሆስፒታል ይዛው ሄደች። በድንገተኛው ክፍል የተቀበለችን ወጣት ሐኪም «እማማ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላ ጠየቀች። ልጅቱ የፍሉኦክሰቲኑን ፓኬትና የሽሮፑን ጠርሙስ በጠረጴዛው ላይ አኖረች። የእኔ መድኃኒት በወረቀት የተጠቀለለ ስለ ነበረ በዚያ ውስጥ አልነበረም። ሐኪሟም «ሌላስ?» አለች። እኔ ወለሉን ተመለከትሁ። ዛሬ ሳስበው ያፈርሁት ከሐኪሟ ፊት አልነበረም፤ ከእኅቴ ልጅ ፊት ነበር። እናቷን ያስታመመች፣ ከሐኪም ዘንድ ያደረሰች፣ መድኃኒቷን በየጠዋቱ በእጇ የምትሰጥ እርሷ ስትሆን፣ እኔ በአንድ ቀን ያን ሁሉ አፍርሼው እንደ ሆነ ፈራሁ።

ሐኪሟ አንሶላውን ገልጣ ጕልበቷን በትንሽ የላስቲክ መዶሻ ነካ ስታደርገው እግሯ በኃይል ተወረወረ። ቀጥላም የእግሯን መዳፍ ይዛ በድንገት ወደ ላይ ገፋችው። እግሩ ማንም ሳያንቀሳቅሰው እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ ደጋግሞ ይመታ ጀመር፤ አልቆመም። ሐኪሟ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «አባቴ፣ ይህ እግር ሌላ መድኃኒት እንዳለ እየነገረኝ ነው። ማንንም ለመውቀስ አይደለም የምጠይቀው፤ ለማዳን ነው» አለች። ያን ጊዜ ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ የተረፉትን አምስት ፍሬዎች በጠረጴዛው ላይ አፈሰስኋቸው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጣን ነበር። መድኃኒቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆሙ። በደም ሥሯ ፈሳሽ ተሰጣት፤ መንቀጥቀጡንና ጭንቀቱን የሚያበርደውን ዲያዜፓም ወጓት፤ ልብሷን አሳስተው በእርጥብ ጨርቅ ሰውነቷን አቀዘቀዙት። ሲነጋ መንቀጥቀጡ ረገበ፤ በማግስቱ ማታ ዓይኗ እንደ ዱሮው ሆነ። ሐኪሟ የነገረችንና እኔም ከዚያ ወዲህ አንብቤ የተረዳሁት ነገር ለየቤቱ የሚጠቅም ስለ ሆነ፣ በሚቻለኝ መጠን ግልጥ አድርጌ እነግራችኋለሁ።

በሰውነታችን ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሰውነት ይህን የሚሠራው እንደ እንቁላል፣ ወተትና ጥራጥሬ ካለው ምግብ ከሚገኝ ትሪፕቶፋን ከሚባል ነገር ነው። ከመላው ሴሮቶኒን ከመቶው ዘጠና የሚሆነው የሚገኘው በአንጎል ሳይሆን በአንጀት ውስጥ ነው፤ በዚያም የሆድን እንቅስቃሴ ያዛል። በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ያለው ጥቂቱ ክፍል ደግሞ እንቅልፍን፣ የመብል ፍላጎትን፣ የስሜትን ሁኔታ፣ የሰውነትን ሙቀትና የጡንቻን እንቅስቃሴ ከሚመሩት አንዱ ነው። ታሪኩም ረጅም አይደለም። ቪቶሪዮ ኤርስፓመር የተባለ የኢጣልያ ሊቅ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት ከጥንቸል አንጀት አወጣውና ኤንተራሚን ብሎ ሰየመው። በ1948 ደግሞ በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ሞሪስ ራፖርት፣ አርዳ ግሪንና ኧርቪን ፔጅ ከከብት ደም አጥርተው አውጥተው ሴሮቶኒን አሉት። በ1952 ሁለቱ አንድ መሆናቸው ታወቀ።

አንዱ ነርቭ ለሌላው መልእክት ሲልክ ሴሮቶኒንን በመካከላቸው ወዳለው ጠባብ ክፍተት ይለቀዋል። መልእክቱን ካደረሰ በኋላ አብዛኛው ወደ ወጣበት ነርቭ ተመልሶ ይገባል፤ ቀሪውም ይፈርሳል። ፍሉኦክሰቲንና መሰሎቹ የሚሠሩት ይህን መመለሻ በር በመዝጋት ነው፤ ስለዚህ ሴሮቶኒኑ በክፍተቱ ውስጥ ይቈያል። በሐኪም በተመጠነ ልክ ሲሆን ይህ ለብዙ ሰው መልካም ነው። ትራማዶል ግን ሰዎች ሁሉ እንደሚያስቡት የሕመም ማስታገሻ ብቻ አይደለም፤ እርሱም ይህንኑ በር ይዘጋል። በብዙ የሳል ሽሮፖች ውስጥ ያለው ዴክስትሮሜቶርፋንም እንዲሁ ነው። በእኅቴ ሰውነት ውስጥ በዚያ ሌሊት ሦስት እጆች አንዱን በር በአንድነት ገፍተው ዘጉት።

ከዚህም ይልቅ የገረመኝ ሌላው ነገር ነው። ትራማዶል ሕመምን በሙሉ ኃይሉ የሚያስታግሠው በጉበት ውስጥ ከተለወጠ በኋላ ነው። ፍሉኦክሰቲን ደግሞ በጉበት ውስጥ ይህን ለውጥ የሚሠራውን ኃይል ይገታዋል። ስለዚህ ሕመሙ አይታገሥም፤ ያልተለወጠው ትራማዶል ግን በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሴሮቶኒኑንም የሚያበዛው ያው ያልተለወጠው ነው። ምስኪኗ እኅቴ አንዱ አልሠራልኝም ብላ ሁለት የደገመችው በዚህ ምክንያት ነበር። ባልሠራ ቍጥር የሚጨመር መድኃኒት ሁሉ እንዲህ ያለ ወጥመድ ሊኖረው እንደሚችል ያን ቀን ተማርሁ።

ሴሮቶኒን ሲበዛ የሚታዩት ምልክቶች በሦስት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በአእምሮ ላይ የሚታየው ነው፤ ዕረፍት ማጣት፣ ጭንቀት፣ መደናገር፣ ሲብስም መቃዠት። ሁለተኛው ሰውነት በራሱ ጊዜ የሚሠራቸው ሥራዎች መዛባት ነው፤ ላብ፣ ተቅማጥ፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ የብሌን መስፋት፣ የሙቀት መጨመር። ሦስተኛው በጡንቻ ላይ የሚታየው ነው፤ መንቀጥቀጥ፣ ይልቁንም የእግር መርበትበት፣ በጡንቻም ላይ የሚመጣ ድንገተኛ መወራጨት፣ ሲጸናም መገተር። ቀላል ሲሆን ጥቂት መንቀጥቀጥና ተቅማጥ ብቻ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። ሲከፋ ግን ሙቀቱ ከ41 ዲግሪ ያልፋል፤ ጡንቻ ይፈርሳል፤ ኵላሊት ይጐዳል፤ ሰውም ይሞታል። ይህ ሙቀት የሚመጣው ከጡንቻው ሥራ ስለ ሆነ እንደ ሌላው ትኵሳት በፓራሲታሞል አይበርድም።

ይህን ሕመም በደም ምርመራ ማወቅ አይቻልም። ሐኪም የሚያውቀው በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶና ስለ መድኃኒት ጠይቆ ነው። በ2003 እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በአውስትራልያ የሐንተር አውራጃ ሐኪሞች ከ2,000 የሚበልጡ መድኃኒት ያለ መጠን የወሰዱ ሰዎችን መዝገብ መርምረው መለያ ደንብ አወጡ፤ ከሁሉ የሚበልጠውም ምልክት ያ በእኅቴ እግር ላይ ያየሁት፣ ያለ ፈቃድ ደጋግሞ መምታት ነው። ለቤተ ሰብ የሚሆነው መለያ ግን ሰዓቱ ነው። ታይፎይድ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይመጣል። ይህኛው ግን አዲስ መድኃኒት በተጨመረ ወይም መጠኑ ከፍ ባለ በአንድ ቀን ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜም በስድስት ሰዓት ውስጥ ይነሣል። ስለዚህ «ከመቼ ጀምሮ ታመመች?» ከማለት ይልቅ «ከመታመሟ በፊት ምን ዋጠች?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ይህ ጥያቄ በጊዜው ባለመመለሱ በሌላ አገር የጠፋች አንዲት ወጣት አለች። በኒው ዮርክ ከተማ ሊቢ ዛየን የተባለች የ18 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በመጋቢት ወር 1984 ትኵሳትና መወራጨት ይዟት በሌሊት ወደ ሆስፒታል ገባች። ለድብርት ፌነልዚን የሚባል መድኃኒት ትወስድ ነበር። ይህም ሴሮቶኒንን የሚያፈርሰውን ኃይል የሚገታ ዓይነት ነው። በሆስፒታሉም መወራጨቱን እንዲያበርድላት ፔቲዲን የሚባል ማስታገሻ ተሰጣት። ሁለቱ አብረው የማይሰጡ ናቸው። ሙቀቷ ከ41 ዲግሪ በላይ ወጣ፤ በማግስቱ ጠዋት ሞተች። ብዙ ሐኪሞች ያጠፋት የሴሮቶኒን መብዛት ነው ብለው ያምናሉ። አባቷ ነገሩን ሳይተው ስለ ተከራከረ፣ የኒው ዮርክ ግዛት በ1989 በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ደንብ አወጣ። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ፣ በእኛ ዘንድ ያችን ሌሊት የተረፈችው ሐኪሟ «ሌላስ?» ብላ ሁለት ጊዜ ስለ ጠየቀች መሆኑን ተረዳሁ።

እንዲህ ያለውን ጕዳት የሚያመጡት መድኃኒቶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉን መቍጠር የሐኪምና የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ሥራ ነው። ነገር ግን በየቤታችን ሊገኙ የሚችሉትን ልናገር። ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊንና ሌሎችም የድብርት መድኃኒቶች፣ ትራማዶልና ፔቲዲን፣ ዴክስትሮሜቶርፋን ያለበት የሳል ሽሮፕ፣ እንዲሁም መድኃኒት ለተለማመደ የሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሊኔዞሊድ ይገኙበታል። በአሜሪካና በኤውሮፓ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በሻንጣቸው ይዘው የሚመጡት ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው የቅጠል ፍሬም ከእነዚህ ጋር ይቈጠራል። ቅጠል ስለ ሆነ አይጐዳም ማለት ስሕተት ነው። በአንጻሩ ደግሞ ምግብ ይህን ሕመም ያመጣል ብሎ መፍራት አይገባም፤ በሙዝ ውስጥ ያለው ሴሮቶኒን ወደ አንጎል አይገባም። አልፎ አልፎም ሴሮቶኒን የሚያመነጭ እጢ በአንጀት ወይም በሳንባ በቅሎ ፊትን የሚያቀላና ተቅማጥ የሚያመጣ ሌላ ሕመም ያስከትላል፤ እርሱ ግን በወራትና በዓመታት የሚገለጥ የተለየ ነገር ነው።

አሁን ወደ እኅቴ ልመለስ። ከሆስፒታል በወጣች ጊዜ «ያን የሐዘን መድኃኒት ዳግመኛ በአፌ አላደርገውም» አለች። ጎረቤቶቿም «ደግ አደረግሽ» አሏት። እኔ ይህን ስሰማ ከዚያች ሌሊት ይልቅ ፈራሁ። ያጠፋት መድኃኒቷ አልነበረም፤ በላዩ የተጨመረው የእኔ ነበር። ሆኖም ጥፋተኛው እኔ ሆኜ ሳለሁ ቅጣቱን የሚቀበለው የሚረዳት መድኃኒት ሊሆን ነው። በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፏ እንደገና ጠፋ፤ ፊቷም ጠቈረ። ያን ጊዜ ከልጇ ጋር ሆነን የነፍስ አባቷን ለመንናቸው። እርሳቸውም መጥተው ጸሎት ካደረሱ በኋላ «ልጄ፣ ጠበሉን ጠጪ፤ ሐኪሙ ያዘዘውንም ዋጪ፤ ሁለቱ አይጣሉም። የሚጣላው ሰው ሳይጠይቅ የሚደባልቀው ነው» አሏት። ሐኪሟም ከመረመረቻት በኋላ ፍሉኦክሰቲኑን ብቻውን እንደገና አስጀመረቻት። ለሳምንታት በሰውነት ውስጥ ስለሚቈይ፣ ዛሬ ቢቆም እንኳ ነገ ሌላ መድኃኒት በነጻነት ይወሰዳል ማለት እንዳልሆነም አስጠነቀቀችን።

ከልጇ ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ቀን ፈጀብኝ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩን ሁሉ ነገርኋት። ሳትቈጣ አዳመጠችኝና «ጋሼ፣ እኔም ሽሮፑን በእጄ ቀድቼ ሰጥቻታለሁ» አለችኝ። ያን ለካ እርሷም ለብቻዋ ስትሸከመው ከርማለች። ሁለታችንም በየበኩላችን ዝም ስንል፣ ሁለታችንም በፍቅር ያደረግነውን እንደ ወንጀል ደብቀነው ነበር። ፍቅር ካለ ዕውቀት መድኃኒት ሲያድል እንዲህ ያደርጋል።

በዚያው ቀን መሳቢያዬን አራግፌ፣ የተረፈውን መድኃኒት ሁሉ ወደ መድኃኒት ቤት ወስጄ እንዲያስወግዱልኝ ሰጠሁ። በእኅቴ ቤት ደግሞ በቁም ሣጥኑ በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። እትዬ የምትወስደው መድኃኒት ስሙ፣ መጠኑና የጀመረችበት ቀን ተጽፎበታል፤ ሳል ቢይዛት ወይም ጥርሷን ቢያማት ወረቀቱ አብሯት ይሄዳል። በመጨረሻውም መስመር በልጇ እጅ እንዲህ ተጽፏል፤ «ሳይጠየቅ ምንም አይጨመር፤ ከጋሼ እጅም ቢሆን»።

ባየሁት ቍጥር አፍራለሁ፤ ነገር ግን አይቈረቍረኝም። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ወገቤን አሞኝ ተኝቼ ሳለ እኅቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ከቦርሳዋ አንዳች ነገር የምታወጣ መስላኝ ሳያት፣ እርሷ ግን ባዶ እጇን ዘርግታ «ተነሥ፣ ወደ ሐኪም ልውሰድህ» አለችኝ። ተነሥቼ ተከተልኋት።